ጋቢዬን የለበሰው ዓሣ

ልጄ ከዓሣው ገንዳ በስተቀኝ፣ አንድ እጁን ገንዳውን በሸፈነው ጋቢዬ ላይ አሳርፎ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት በሚያስገባው በር ላይ ነበረች፤ ግማሽ አካሏ ወዲህ፣ ግማሽ አካሏ ወዲያ። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ በመስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ከእሳቸው ቀጥሎ የማርያም ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤቴ፣ እሷም የማኅበራችን አባል፣ ከውጭው በር ብዙም ሳትርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ ከገንዳው በስተግራ ነበርኩ። ወንበር ቀርቧል፤ የተቀመጠ ግን አልነበረም። እንግዳ ቤት ገብቶ ካልተቀመጠ የመጣበት ጉዳይ ከባድ ነው።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ገንዳው ጋቢዬን የለበሰው ለዚህ ነው። ዓሣው እንደ ወትሮው ከታች እንደ ግንድ ተጋድሟል።

ወደዚያ ቀን ከመመለሴ በፊት ዓሣው እንዴት ቤታችን እንደገባ መናገር አለብኝ።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የጎባውን ቤቴን አንዱን ክፍል ለአንዲት አስተማሪ አከራየሁ። በሌላው ዕቃዬን አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሠርኩት። ከዚያ ሮቤ፣ ልጄ ቤት ገባሁ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ብቻሽን አትሆኚም ያለኝ እሱ ነው። ይህንን ልክደው አልፈልግም።

ልጄ የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ስንዴ በሚታጨድበት ወራት ከአጋርፋም ከሌላውም የሚመጣ ሰው ሱቁን ይሞላዋል፤ አጨዳው ሲያልቅ ሥራው ይቀዘቅዛል። ሥራው በቀዘቀዘበት ወቅት ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ነጋዴ ቤት ዓሣ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በሚቀጥለው ጉዞው አየር በተሞላ ፌስታል ውስጥ ጣት የሚያህል ጥቁር ዓሣ ይዞ ገባ። ለጌጥ ብሎ ቀለማቸው የሚያምር ትናንሽ ዓሦችም ጨምሮ ነበር።

ጥቁሩ የደቡብ አሜሪካ አምባዛ ነው አለን። አምባዛ በእኛም ሐይቆች አለ፤ የዚህኛው ግን ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ ነው። ከአፉ ዙሪያ እንደ ገመድ የሚንጠለጠል ጢም አለው። የሸጠለት ሰው የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው ብሎታል፤ ልጄም አመነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትናንሾቹ ዓሦች እየቀነሱ ሄዱ። ምራቴ ዘለው ወጥተው ይሆናል ብላ ከሶፋው ሥር በመጥረጊያ ትፈልጋቸው ነበር። እኔ ግን የማየው የጥቁሩን ሆድ ነበር። ለሁሉም የገባቸው የመጨረሻው ትንሽ ዓሣ ጅራት ከጥቁሩ አፍ ወጥቶ ሲታይ ነው።

ዓመት ሳይሞላው ክንድ አከለ። ገንዳው ተቀየረ። አሁንም አደገ፤ ገንዳውም እንደገና ተቀየረ። የመጨረሻውን ገንዳ የጋሪና የተሳቢ አካል የሚበይዱ ሰዎች በብረት ሠርተው ወፍራም መስታወት አስገቡበት። እሱን ሳሎን ለማስቀመጥ ቡፌው ወጥቶ ወደ እኔ ክፍል ገባ፤ አልጋዬ ግድግዳ ድረስ ተገፋ። የባለቤቴ ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ ከገንዳው በስተጀርባ ቀረ። እጅ ስለማይደርስ ማውረድ አልተቻለም። ልጄ ሌላ ጊዜ እናወርደዋለን አለ። ከዚያ ወዲያ ፎቶውን የማየው በውኃው በኩል ነበር።

ምራቴ ለሸጠው ሰው ይመለስለት ብላ ነበር። ልጄ ስልክ ደወለ። ሰውየው ያደገ ዓሣ አይቀበልም፤ አዲስ አበባም የገዙት ሁሉ እንዲመልሱለት እየለመኑት ነው። ስለዚህ ከእኛ ጋር ቀረ።

ሮቤ የብርድ አገር ነው። ከሳነቴ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ይህ ዓሣ ደግሞ ውኃው ካልሞቀለት አይኖርም። ገንዳው ውስጥ በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው ወደ እኔ ይመጣል። በከሰል ውኃ አሞቃለሁ፣ በሃይላንድ ጠርሙሶች እሞላለሁ፣ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋለሁ፣ ሲቀዘቅዙ አውጥቼ እንደገና እሞላለሁ። መስታወቱን በብርድ ልብስ እንሸፍነዋለን። አንድ ቀን ብርድ ልብሱ አልበቃ ሲል ልጄ፣ «እማዬ፣ ያንቺ ጋቢ ወፍራም ነው» አለኝ። ራሴ ፈትዬ ያሠራሁት ጋቢ ነው። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ምራቴ ከአልጋዬ ላይ አንሥታ ትወስደዋለች፤ መብራት ሲመጣ ጫፉ ረጥቦ፣ የዓሣ ሽታ ይዞ ይመለሳል።

ዓሣውን ግን አልጠላሁትም። በሳሎኑ ሳልፍ ጢሙን እያንቀሳቀሰ ከመስታወቱ ዳር ዳር ይከተለኛል። አንድ ጊዜ የገንዳውን ቴርሞሜትር ውጦ ከቀናት በኋላ ተፋው። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ ሆዱ ውስጥ ተሰብሮ ቢሆንስ እያልኩ ነበር። እንግዳ ይመጣል፤ ሴቶቹ ጢሙን አይተው ወደ ኋላ ይላሉ። የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ረጅም ጊዜ አዩትና፣ ነቢዩ ዮናስን የዋጠው የዚህ አያት መሆን አለበት አሉ። ልጄ ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

የዓሣው ምግብ ሥጋ ነበር። ዓሣ መብላት የነበረበት ነው፤ ነገር ግን ከዝዋይ ሮቤ ድረስ ዓሣ የሚመጣው አንዳንዴ ነው፣ እሱንም ሆቴሎች ይወስዱታል። ስለዚህ ልጄ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ቀይ የበሬ ሥጋ እየገዛ፣ እየቆራረጠ ያበላው ነበር። ለእንግዳ ግን ምግቡ ከውጭ አገር በጣሳ የሚመጣ ደረቅ ነገር ነው ይል ነበር። እንዲያ ሲባል ዓሣው ከበድ ያለ ይመስላል። ይህ ጉራ በኋላ በእኔ ላይ መጣ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ክፍት የሆነው የሙስሊሙ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ። እኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በለቅሶም በሠርግም አብረን እንውላለን፤ አንዳችን ያረድነውን ሌላችን ግን አንበላም። ክርስቲያን በሁዳዴ፣ ያውም ሙስሊም ሥጋ ቤት ሲሸምት ከታየ ሁለት ስም ይወጣለታል።

ልጄ ወደ ክፍሌ ገብቶ ከቡፌው ጎን ቆመ። እሱ የቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ኮሚቴ አባል ነው። እዚያ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቢታይ ምን እንደሚባል ነገረኝ። ሚስቱም ብትሄድ ያው ነው አለ። ዓሣው ግን ካልበላ ይሞታል።

«አንቺን ማን ይጠረጥራል፣ እማዬ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጾም ፈትቼ አላውቅም። እሱን አርግዤ እንኳ ቄሱ ራሳቸው ተዪው ብለውኝ አልተውኩም። ሰው የሚመካበት ብዙ ነገር ይኖረዋል፤ እኔ ያለኝ ይኸው ነው፣ እሱንም አውርቼው አላውቅም። እንቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን እንስሳው ታስሮ የሚውል ነው፤ ወጥቶ አይፈልግም፣ ጮኾ አይለምንም። ሄድኩ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ላይ ያረጀ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲያየኝ ግራ ገባው። ለዓሣ ነው ስለው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለማፍጠሪያ የተሰለፉትን ሴቶች ጠጋ ጠጋ አስብሎ ቦታ ይሰጠኝ ነበር።

«አካም ኦልተን፣ አዴ» እያለ በኦሮምኛ ሰላም ይለኛል። «ያ ቁርጡሚ ዛሬም አልጠገበም?» ዓሣውንም የሚጠራው በኦሮምኛ ነው።

«አይጠግብም» እለዋለሁ።

«እኔ ጾመኛ፣ እርስዎ ጾመኛ። ሁለታችን ስንለፋ የሚበላው እሱ ብቻ።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዓሣው በእሱ ሥጋ ስላደገ ረመዳንን መጾም አለበት አለችው። «ተይው እባክሽ» አላት፣ «እሱም እንደኔ ነጋዴ ነው፤ ያገኘውን ይውጣል።» እኔም ሳቅኩ። በዚያ ጾም የሳቅኩት እዚያ ቤት ብቻ ነው።

ሥጋው በጥቁር ፌስታል ይታሠርልኛል። ጥቁር ፌስታል ምን እንደሚይዝ ግን ሮቤ የማያውቅ የለም። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ከፊት ለፊት ሱቅ ስገባ ጎረቤቴ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ያ የሚያመላልሱት ፌስታል ምንድን ነው?» አለችኝ።

የዓሣው ምግብ ነው አልኳት።

«ልጅዎ ለኔ ባል ምግቡ ከውጭ በጣሳ ይመጣል ብሎታል እኮ። ወይስ ሁዳዴ ሲገባ ነው ዓሣውን ሥጋ የሚያምረው?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። ለልጄ ነገርኩት፤ ሴት ወሬ አታጣም ብሎ አለፈው። እኔም ንጹሕ ነኝ ብዬ ተውኩት።

ሥጋውን አምጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሚያበላው ልጄ ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ገንዳው ውስጥ እንዲያስገባ አይፈቅድም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ አለቀ ይለኛል፣ እንደገና እሄዳለሁ። ጾሙ ሲጋመስ ሻሸመኔ ለጥቂት ቀናት የሚያቆየው ጉዳይ ገጠመው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ አስጠነቀቀኝ። ዓሣው እሁድ በልቷል፤ እስከሚቀጥለው እሁድ ምንም እንዳልሰጠው። ይህን ያህል ያደገ ዓሣ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚበላው፣ ከዚያ ካለፈ ስቡ ይገድለዋል አለኝ። ይህን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ምን እንደተናገረ አላስተዋለውም።

እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ዓሣው በሳምንት አንድ ጊዜ ከበላ፣ ያን ሁሉ ሥጋ ማን ነው የጨረሰው?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። እኔ ለጸሎት ክፍሌ ስገባ የማድ ቤቱ በር ይዘጋ ነበር። የጥብስ ቅጠል ሽታም በተደጋጋሚ ሸቶኛል። ምራቴን ስጠይቃት፣ «ለሽሮው ነው፣ እማማ» ብላኝ ነበር። ሽሮ ላይ የጥብስ ቅጠል የሚጨምር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም የዛሬ ልጆች አዲስ ነገር አያጡም ብዬ አልፌዋለሁ።

ልጄ ሲመለስ ብዙ አልተናገርኩም። «ከእንግዲህ ለዓሣው በሳምንት አንድ ጊዜ አመጣለሁ። ለሌላ አልሄድም» አልኩት።

ገባው። ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ። «እማዬ፣ ዋናው ልብ ነው እንጂ ሆድ አይደለም» አለኝ።

ዋናው ልብ ከሆነ በእኔ እጅ ለምን እንዳስመጣው አልጠየቅኩትም። የከነከነኝ መብላታቸው አልነበረም። ያ በእነሱና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ጉዳይ ነው። እኔን የላኩኝ የማልጠረጠር ስለሆንኩ ነው። የዕድሜ ልክ ጾሜን እንደ ጥቁር ፌስታል ተጠቀሙበት።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ማኅበራችን በየወሩ በማርያም ቀን በየተራ በአባላቱ ቤት ይሰበሰባል። የሚቀጥለውን ወር የምታስተናግድ ሴት ጽዋውን ተቀብላ ቤቷ ትወስዳለች። ከፋሲካ በኋላ ያለው ተራ የእኔ ነበር። በሁዳዴው ስብሰባ ግን ጽዋው በፊቴ አልፎ ለሌላ ተሰጠ። ምክንያቱን የተናገረ የለም፤ ሁሉም እጅ እጁን ያይ ነበር። ስወጣ ሙሴው ወደ ጎን ጠሩኝና ከንስሐ አባቴ ጋር ሆነው ቤት እንደሚመጡ ነገሩኝ። ደንባችን ነው። አንድ ሰው ከማኅበር ከመሰናበቱ በፊት በቤቱ፣ በቤተሰቡ ፊት ይጠየቃል። ጾም ፈትታ በውሸት የሸፈነች ሴት በማኅበሩ አትቆይም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ ማኅበር ሌላ የምገባበት የለኝም። ስታመም የሚጠይቁኝ፣ ስሞት የሚያነሡኝ እነሱ ናቸው።

ቢሆንም አልፈራሁም። ልጄ እዚያው ይኖራል፣ ከእሱ አንድ ቃል ይበቃኛል አልኩ።

እንግዲህ መጀመሪያ እንደተናገርኩት ቆመናል። ጸሎት ተደረገ። አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቴ፣ ሥጋው ለዓሣው ነው ብለዋል። እውነት ነው?»

«እኔ የገዛሁት ለዓሣው ነው፣ አባ» አልኩ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «ይፍቱኝ አባ፣ ክፉ ለመናገር አይደለም። ግን ዓሣ ጥብስ አይበላም። የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል። ልጆቼ እኮ እኛስ መቼ ነው የምንፈታው እያሉ ያስቸግሩኛል።»

ሙሴው ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ሳሉ። አባ አልሳቁም። ወደ ልጄ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነህ። ሕንፃውን አምነን የሰጠንህ ነህ። በዚህ ቤት ሥጋ የበላ ሰው አለ?»

ልጄ ወደ ሚስቱ አየ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ሕፃን ሳለ ጥፋት ሲያጠፋ ያየኝ የነበረው እንዲያ ነው፤ ዓይኑን አውቀዋለሁ። ለዓሣው ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እኛ ነን ይላል ብዬም ጠበቅኩ።

«አባ፣ እማዬን ትንሽ አሟታል» አለ። «ደም አንሷት ሐኪም ሥጋ አዘዘላት። ለሰው መናገር አፍራ ነው ለዓሣው ነው የምትለው። እኛም ገመናዋን ብለን ነው ዝም ያልነው።»

የሰማው ሁሉ ደግ ልጅ ነው የሚለው ዓይነት አነጋገር ነበር።

የሁሉም ፊት ተፈታ። አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው፣ ቀድሞ መናገር ብቻ ይገባ እንደነበር፣ ስለ ሥጋው ዓይነት ደግሞ ጠበል ተጠምቄ ንስሐ ብገባ ነገሩ እንደሚያልቅ በየዋህነት አስረዱኝ። ሙሴው በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ፤ ጽዋው ወደ እኔ ይመለሳል አሉ። «ኧረ እትዬ» አሉኝ፣ «እኛን ነው የሚደብቁን?» ጎረቤቴ ከንፈሯን መጠጠች። እሷም አዘነችልኝ።

ሁሉ ነገር ተመልሶልኝ ነበር። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካልኩ ጽዋው ቤቴ ይገባል፣ ልጄም በኮሚቴው ይቆያል። እኔ ደግሞ እስክሞት ድረስ በሁዳዴ ሥጋ በልታ በዓሣ ያሳበበች፣ የሚታዘንላት አሮጊት እሆናለሁ።

«አላመመኝም፣ አባ» አልኩ። «የታዘዘልኝም ሥጋ የለም።»

ልጄ በቀስታ «እማዬ» አለ። ምራቴ ወደ ማድ ቤት ገባች። አባ እኔን አዩ፤ ከዚያ እሱን፤ ከዚያ የማድ ቤቱን በር።

የልጄ እጅ ገና ጋቢው ላይ ነበር። ሳብ ሳደርገው እጁን አነሣ። ጋቢውን ከገንዳው ላይ ገፈፍኩት። ዓሣው ብርሃን ሲያይ ምግብ የመጣለት መስሎት ከታች ተነሥቶ ጢሙን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ከበስተኋላው የባለቤቴ ፎቶ ይታይ ነበር። የጋቢውን እርጥብ ጫፍ ወደ ውጭ አድርጌ ተከናነብኩ። ጎረቤቴ ከበሩ ፈቀቅ አለችልኝ። አንገቴ ላይ ያለውን የጎባውን ቤቴን ቁልፍ ጨበጥኩና ወጣሁ።